ሲጠብቅና ሲላላ

በሥራ ቦታው ሁሉም ጉሮሮ ይሉታል። ስም አጥቶ አይደለም። ደህና ስም አለው፤ ግን እሱን አሟልታ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። የዓይነ ስውራን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንባቢ ነው። ማንበብማ ማንም ያነባል ትሉ ይሆናል። የእሱ ግን ለሌላ ሰው ጆሮ ነው። ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ መጽሐፉን ከሽፋን እስከ ሽፋን ያነባል፣ ያነበበው ይቀረጻል፣ የተቀረጸውን ዓይናቸው የማያይ ሰዎች ተውሰው ቤታቸው ወስደው ይሰሙታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል።

ወደዚህ ሥራ የመጣው ከአውቶቡስ መናኸሪያ ነው። በሃያ አራት ዓመቱ የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ላይ ተቀጥሮ የመኪኖችን መነሻና መድረሻ ይናገር ነበር። ችግሩ ድምፁ ነው። ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ስብር የሚል፣ አንጀት የሚበላ ድምፅ ነው። አንድ ቀን «አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ አንድ ሰዓት ይዘገያል» ቢል፣ አንዲት አሮጊት ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። «ኧረ ማን ነው የሞተው?» ይላሉ። የመናኸሪያው ኃላፊ አስጠርቶ «አንተ ሰው፣ ዘገየ በል እንጂ አታርዳን!» ብሎ ጮኸበት።

በዚያው ሰሞን የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር፣ እሳቸውም ዓይነ ስውር ነበሩ፣ ሊሳፈሩ መጥተው ይህንን ድምፅ ሰሙ። ሌላው ተሳፋሪ ጆሮውን ሲይዝ እሳቸው በዱላቸው መሬቱን እየነኩ ክፍሉን ፈልገው አገኙት።

«ልጄ፣ እዚህ የምታነበው ምንድን ነው?»

«ታርጋ ነው ጋሼ። ታርጋና ሰዓት።»

«ታርጋ እንዲህ ካነበብክ መጽሐፍ ብሰጥህ ምን ልትሆን ነው?»

በሳምንቱ ቀጠሩት። አሁን እሳቸው የሉም፣ ጉሮሮም ጸጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

የሚያነብባት ክፍል አልጋ እንኳ አታስገባም። ግድግዳዋ በስፖንጅ ተለብጧል፣ ወንበሩ እንዳይንቋቋ እግሮቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ማራገቢያ ክልክል ነው፤ ማይኩ ይሰማዋላ። ስለዚህ በመስታወቱ ማዶ ያለችው ቴክኒሻን ስለ ብርድና ስለ ጭጋግ የሚተርክ ምዕራፍ ስትቀርጽ፣ ጉሮሮ በካናቴራው ቁጭ ብሎ ላቡን በፎጣ እየጠረገ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። ሰሚው ኮቱን ይደርባል። እሷ ትስቃለች፣ ያውም አፏን በእጇ አፍና፤ ሳቋም እንዳይቀረጽ ነው።

ማይኩ ፊት ከመቀመጡ በፊት ግን የእርሳስ ሥራ አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ሽማግሌው አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢመጣ፣ ሽማግሌው ተናገረ ማለት ነው ወይስ በሕይወት አለ? ላላ ካልነው ተናገረ ነው፣ ጠበቅ ካደረግነው አልሞተም ነው። ዓይን ያለው አንባቢ እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥመው ዞር ብሎ ከላይ ከታች አይቶ ያስተካክላል። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ቃሉ ከአፉ ከወጣ ወጣ ነው። ስለዚህ ጉሮሮ እያንዳንዱን መጽሐፍ አስቀድሞ ቤቱ ያነበዋል፤ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይም በእርሳስ ነጥብ ያደርጋል። መጻሕፍቱ ከእሱ እጅ ሲወጡ ዝንብ ያረፈባቸው ይመስላሉ።

ከነጥብ በላይ ደግሞ ቃና አለ። በዚህ በኩል ጉሮሮ ትንሽ ጉረኛ ነው፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። እንግዳ በተሰበሰበበት ሁሉ «እሺ» የምትለዋን አንዲት ቃል በሰባት ዓይነት ድምፅ ይላታል። የታዛዥ እሺ፣ የዛቻ እሺ፣ የሰለቸው ሰው እሺ፣ የአፍቃሪ እሺ፣ የሐኪም እሺ፣ የአበዳሪ እሺ፣ የተሸነፈ ሰው እሺ። ሰው ያጨበጭባል። ሚስቱ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ ከኩሽና ሆና «ስምንተኛዋ እኔ ጋ ነች፤ እሷን ግን ሰምቷት አያውቅም» ትላለች።

የቤተ መጻሕፍቱ ደንበኞች ለጉሮሮ ያላቸው ፍቅር የሚገርም ነው፤ ከሁሉም የባሰችው ግን ኦፕሬተሯ ነበረች። ኦፕሬተሯ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ማዞሪያ ላይ የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ከተወለደች ጀምሮ ብርሃን ያላየች ሴት ናት። ጆሮዋ ጉድ ነው። የትኛው ሐኪም ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ በ«ሀሎ»ው ታውቃለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሰማቻቸውን መጻሕፍት በቦርሳዋ ይዛ ትመጣና ከጉሮሮ ጋር መስኮቱ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ መጽሐፉ ላይ ያቺ ልጅ ስትሞት አልቅሰሃል አይደል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላለቀስኩም!»

«ግንባር ቢሆንም ግድ የለም፤ እኔ ጋ ሥራ አስቀጥርሃለሁ።»

እንዲህ ነበሩ።

ኦፕሬተሯ አንድ ታላቅ ወንድም አላት። ሌላ ከተማ የሚኖር አናጢ ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነቷ ስለሞተ እጇን ይዞ ያሳደጋት እሱ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እናታቸው ሲያርፉ ግን ሳይነግራት ቀበረ። ዝናብ ነበር፣ መንገዱ ተበላሽቷል፣ እሷ ብቻዋን ናት፣ ዓይኗ አያይም፤ ይህንን ሁሉ አስቦ «ምን አንገላታታለሁ» አለ። በአራተኛው ቀን ደውሎ ነገራት። እሷ እናቷን አፈር ሳታለብስ ቀረች። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ዓይነ ስውርነቷን አይቶ ነው ብላ ታልፈው ነበር። ከዓይኗ ይልቅ እሷን የሚያይ ብቸኛ ሰው እሱ ነው ብላ ስታምን ኖራ፣ እሱም እንደ ሌላው ሆኖ ሲገኝ ግን ልቧ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አላናገረችውም። ወደ ሆስፒታሉ እየደወለ «እህቴን አገናኙኝ» ሲል፣ ድምፁን ከመጀመሪያው ትንፋሽ ለይታ፣ በዚያ ለማንም በምትጠቀምበት የሥራ ድምፅ «ይቅርታ፣ መስመሩ ተይዟል፤ እባክዎ ቆይተው ይደውሉ» ትለዋለች። እሱም አውቋታል። «እርስዎ» መባሉ ከሁሉም በላይ ሳያመው አልቀረም፤ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተወው።

አንድ ቅዳሜ ኦፕሬተሯ መጻሕፍቱን ሳትመልስ፣ ሰላምታም ሳታስረዝም፣ ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች።

«ጋሼ፣ ይህ ትናንት መጣልኝ። የእሱ መሰለኝ፤ የእንጨት ሽታ አለው። አንብብልኝ።»

ጉሮሮ ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ላልታመነ ሰው ማን ያስነብባል። ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዚያ ሳምንት ጉሮሮ ወንድማማቾች ርስት የሚካካዱበትን አንድ ወፍራም ልቦለድ እያጠናቀቀ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ያለው ታላቅ ወንድም ነገረኛና ቀዝቃዛ ነው፤ ጉሮሮ ለእሱ ብሎ ዝቅ ያለ፣ በአፍንጫ በኩል የሚያልፍ፣ ቃል ሲጨርስ በር የሚዘጋ ዓይነት ድምፅ አበጅቶለታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን ሰውዬ ጉሮሮው ውስጥ ይዞት ሰንብቷል። ደብዳቤውን ሲከፍት «የታላቅ ወንድም ደብዳቤ» ብሎ አሰበ፣ ድምፁም ሳይጠራ መጣ።

ደብዳቤው አጭር ነው። በትላልቅ፣ ጠንከር ብለው በተጻፉ ፊደላት እንዲህ ይላል፦

«እታለም፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ሥራ አቁሜ ቤት ነው የምውለው። የእናታችን ነገር አንቺ እንደምታስቢው አይደለም። ያኔ ያደረግኩትን ያደረግኩት ለአንቺ ብዬ ነው። ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው። አትረሳም። ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ካላልሽኝም አንቺ ታውቂያለሽ። ወንድምሽ።»

ጉሮሮ አሳምሮ አነበበው። «ለአንቺ ብዬ ነው» ላይ ውለታ የሚቆጥር ሰው ሆነ። «አትረሳም» ላይ ሲደርስ ረን አላልቶ፣ ቃሉን ጎተት አድርጎ፣ ቂም ቋጥራ ለምትኖር ሴት የተነገረ አደረገው። «አንቺ ታውቂያለሽ»ን ደግሞ በሩን ዘግቶ ቁልፉን አዞረበት። አንብቦ ሲጨርስ በንባቡ ረክቶ ነበር፤ በኋላ ስንት ቀን ያሳፈረው ይህ እርካታው ነው።

«አትረሳም?» አለች ኦፕሬተሯ ቀስ ብላ። «እኔ ቂመኛ ነኝ ብሎ ለአገር ለምድሩ እያወራ ነው ማለት ነው።»

ጉሮሮ ከንፈሩን መጠጠ።

«ወረቀት አለህ ጋሼ? ጻፍልኝ። ‘ደብዳቤህ ደርሶኛል። አትምጣ።’»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ ጻፈላት፣ አጥፎ ፖስታ ውስጥ አስገባው፣ ምሳ ሊበላ ሲወጣ መንገድ ላይ ካለው የፖስታ ሣጥን ከተተው። ሣጥኑ ክዳኑ ሲዘጋ የሰማው ድምፅ እንኳ አልከበደውም።

አራት ወር ሄደ። ኦፕሬተሯ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን አልተወችም፣ ግን ጨዋታዋ ቀንሷል። የምትዋሰውም ተለወጠ። ልቦለድ ትታ ስለ ከዋክብትና ስለ ንብ እርባታ ይዛ ትሄድ ጀመር። ጉሮሮ ነገሩን አስተውሎ ነበር፤ ያ ክፉ ወንድሟ ነው እንዲህ ያደረጋት ብሎ አናጢውን ሲረግመው ከረመ። አይቶት የማያውቀውን ሰው!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስለ አንድ መምህር ሕይወት የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ እየቀረጹ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ የመምህሩ ተማሪዎች ተሰብስበው ስሙን እያነሡ «እሱ አይረሳም» ይላሉ። ጉሮሮ ያንን ገጽ ነጥብ ሳያደርግ አልፎት ኖሮ ላላ አድርጎ አነበበው። ቴክኒሻኗ ከመስታወቱ ማዶ እጇን አነሣችና በማዳመጫው ገባች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። አይረሳም ያልካት ልክ አልመሰለችኝም።»

«ለምን? ጥሩ መምህር ተማሪዎቹን አይረሳም።»

«ሞቷል እኮ! ባለፈው ምዕራፍ ቀብረነው የለ? የሞተ ሰው ምን ሊያስታውስ ነው? እነሱ አይረሱትም ለማለት ነው። ረን አጥብቃት።»

ጉሮሮ ሳቀ። እርሳሱን አንሥቶ ረ አናት ላይ ነጥብ አደረገ። ነጥቡን ሲያሳርፍ እጁ እዚያው ቀረ።

አትረሳም። ረን አላልተው ቢሉት፣ ትዝ የማይላት ነገር የለም፣ ቂሟን ይዛለች። አጥብቀው ቢሉት ግን እሷ ከልብ የምትወጣ ሰው አይደለችም፤ ማንም አይረሳትም፣ እኔ አልረሳኋትም። አንድ ፊደል። ደብዳቤው ላይ ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አናጢው የጻፈው ሁለቱም የሚነበብበት ቃል ነው። ዓይን ያለው ሰው ቢያነበው ሁለቱንም አይቶ ያመነታ ነበር። ኦፕሬተሯ ግን ያገኘችው አንዱን ነው፣ እሱንም ጉሮሮ መርጦላት።

«ጋሼ? አመመህ እንዴ?»

«ዛሬ ይብቃን» አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ይህንን ሲል ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ትርፍ አንጀቱ ሲፈነዳ ነበር።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። እሷ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሰውየው ጉልበቱን እያመመው ‘ና ካልሽኝ እመጣለሁ’ ብሎ፣ አንተ በገዛ እጅህ ‘አትምጣ’ ብለህ ጻፍክለት?»

«እሷ ናት ያለችኝ።»

«እሷ ያለችህ አንተ ያልካትን ሰምታ ነው።»

ጉሮሮ ኩም አለ። «ብነግራት ሁለተኛ ታምነኛለች?» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበብኩላትን ሁሉ እየመረመረች፣ ይህንንስ አጣሞብኝ ይሆን አትልም? ደግሞ ለሌሎቹ ብትነግርስ?»

«ትንገራ።»

«ብትጠላኝስ?»

«ትጥላህ። እሱ ወንድሟ ነው፤ አንተ አንባቢ ነህ።»

ቢላዋዋን አንሥታ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ ሆስፒታል ሄደ። የስልክ ማዞሪያው ክፍል ከመድኃኒት ማደያው ጎን ባለች ጠባብ ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። ኦፕሬተሯ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ እየተራመዱ፣ አንዱን ሐኪም ከላቦራቶሪ፣ አንዷን አስታማሚ ከማዋለጃ ታገናኛለች። ጉሮሮ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሚለውን መንገድ ላይ ሲያጠና ነበር የመጣው፤ ሲደርስ ሁሉም ጠፋው።

«ጋሼ ነህ?» አለች ሳትዞር። «ምነው ትንፋሽህ እንዲህ ሆነ? ሰው ታሞብህ ነው?»

ነገራት። አሳጥሮም አሳምሮም አይደለም፤ እየተደናቀፈ፣ እየተመለሰ፣ ልቦለዱን፣ ያንን ቀዝቃዛ ወንድም፣ መምህሩን፣ ረን። እሷ መሀል መሀል ላይ ስልክ ሲመጣ «ቆይ» እያለች ታገናኝና ትመለሳለች፤ የሚናዘዝን ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያሰቃይ መገመት ነው። ሲጨርስ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች።

«አራት ወር» አለች።

«አራት ወር።»

«አንተን እኮ ነው ያመንኩት ጋሼ። ደብዳቤውን ለጎረቤት ማስነበብ አቅቶኝ አይደለም። በደንብ የሚያነብልኝ ሰው ብዬ ቅዳሜን ጠብቄ ነው የመጣሁት።»

ይህች ንግግር ከስድብ ሁሉ የባሰች ሆነችበት። እሷ መሳቢያዋን ከፍታ ደብዳቤውን አወጣች። አልቀደደችውም ነበር።

«አንብበው። ያለ ድምፅህ አንብበው።»

«እንዴት?»

«ታርጋ ታነብ ነበር አላልክም? እንደ ታርጋ አንብበው።»

አነበበው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ከባድ ንባብ አጋጥሞት አያውቅም። እያንዳንዱን ቃል ራቁቱን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ እንደማስቀመጥ ነበር። «እታለም» ሲል፣ ይህች ቃል ያኔ እንዴት አለፈችኝ አለ በልቡ፤ ለማንም የማትባል፣ እህትን በፍቅር የሚጠሩባት ቃል እኮ ናት፣ የደብዳቤው በር ላይ ቆማ ነበር። «ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ።» «ለአንቺ ብዬ ነው።» «መልሴ አንድ ነው።» እዚያ ላይ ቆመ።

«ምን ሆንክ? ቀጥል።»

«አልችልም። እንደ ታርጋም ቢሆን ወይ ማጥበቅ ወይ ማላላት አለብኝ። ያለ አንዱ አይወጣም።»

ሁለቱንም አላት፤ አንድ ጊዜ አላልቶ፣ አንድ ጊዜ አጥብቆ። እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሁለቱንም ደገመቻቸው። ከዚያ ማዳመጫዋን መልሳ አደረገች፣ ከመሳቢያው ሁለተኛ ማዳመጫ አውጥታ ወደ ጉሮሮ ዘረጋችለት፣ ጣቶቿም ቁልፎቹ ላይ ወረዱ። አሥራ አንድ ዓመት ያልደወለችበትን ቁጥር አንድም ሳትስት መታችው።

ብዙ ጠራ። ጉልበቱ የደከመ ሰው ከወንበር ተነሥቶ እስኪመጣ ነው። በመጨረሻ ተነሣ።

«ሀሎ?» አለ የሻከረ፣ ያረጀ ድምፅ።

ጉሮሮ የኦፕሬተሯን እጆች አየ፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠዋል።

«ሀሎ? ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ።»

«እታለም?» አለ ከወዲያ።

«ደብዳቤህ ላይ፣ ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው ብለሃል። መልስህን በለው።»

«ደብዳቤው አንቺ ጋ አይደል ያለው?»

«አንተ በለው። በአፍህ።»

አናጢው ጉሮሮውን ጠረገ። «አትረሳም» አለ።

ላላ አድርጎ ነበር ያለው። ረ አልጠበቀችም። ልክ ጉሮሮ ያን ቅዳሜ እንዳነበበው፣ ፊደል በፊደል። ጉሮሮ ግን ሲሰማው ሌላ ቃል ሆነበት። በዚያ ሻካራ ድምፅ ውስጥ ቂም የሚባል ነገር የለም፤ ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች እያለ ለጎረቤት የሚናገር አባት ነው የሚመስለው።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች ኦፕሬተሯ።

«ምን ማለት አለው? ሰዉ ‘እህትህ እኮ ትታህ ቀረች፣ ረሳችህ’ ይለኛል። እሷ? እሷ አትረሳም እላቸዋለሁ። ስንት ዓመት ብትቆይ ትመጣለች፤ እጇን ይዤ አንድ ቀን የወሰድኳትን መንገድ እንኳ አትረሳም። አላውቅሽምና ነው? ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ስንት እርምጃ ነበር?»

«ስምንት መቶ አርባ» አለች ወዲያው።

«ታዲያ!»

ኦፕሬተሯ ማልቀስ ጀምራለች፤ ድምፅ የሌለው፣ ፊቷን ሳይቀይር የሚወርድ ልቅሶ። አናጢው ቀጠለ፤ «ያኔ ዝናቡ…» ሊል ሲል አቋረጠችው።

«እሱን ተወው። እሱን በአካል ስንገናኝ እንጣላበታለን።»

«ልምጣ ታዲያ?»

«አትምጣ» አለች። ከወዲያ ትንፋሹ ቆመ። «ጉልበትህ እምቢ እያለህ የት ነው የምትመጣው? እኔ እመጣለሁ።»

ጉሮሮ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ስህተቴን አገኘሁ ብሎ፣ በአንድ ነጥብ የሚስተካከል ጥፋት ይዞ ነበር የመጣው። ማላላቱማ ልክ ነበር። ፊደሉን ሳይስት፣ ቃሉን ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ፍቅርን ጥላቻ አድርጎ አንብቦላታል። ለዚህ የሚሆን ምልክት ደግሞ በየትኛውም ፊደል አናት ላይ አይደረግም። አንድ ነርስ አይታው «አባት፣ ታመዋል?» አለችው። ደህና ነኝ አላት።

ኦፕሬተሯ ፈቃድ ወስዳ ሄደች፤ ሦስት ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። በተመለሰች በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የንቡን መጽሐፍ መልሳ፣ ልቦለድ ፈልጋ መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወንድሟ አርጅቷል አለች፤ ፊቱን በእጇ ዳስሳው ቆዳና አጥንት ሆኖ አግኝታዋለች። በእናታቸው ነገርም እንደዛተችው ሁለት ቀን ሙሉ ተጣልተዋል። ሦስተኛው ቀን ላይ መቃብሩ ድረስ እየመራ ወሰዳት፤ እሱ በምርኩዙ፣ እሷ በዱላዋ፣ ማን ማንን እንደመራ እግዜር ይወቀው። ስትስቅ ጉሮሮ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱ ቀለለው።

«አሁንማ ይጽፍልኛል» አለች። «ስልኩን ተጠይፎት የለ፤ በየሳምንቱ ደብዳቤ ነው። አንድ ትናንት መጣ።»

ጉሮሮ እጁን ዘረጋ። ልማድ ነው፣ ሳያስበው ነው። እሷ ባታየውም አወቀችው መሰለኝ፤ ቦርሳዋን አልከፈተችም።

«አስነበብኩት ጋሼ። እኛ ጋ ኮሪደር የምትወለውል አንዲት ልጅ አለች። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። እየተንተባተበች፣ ፊደል በፊደል እየቆጠረች፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየደጋገመች ነው የምታነብልኝ። መሀል ላይ ደግሞ ‘ይቺ ምንድን ናት?’ ብላ ትቆማለች።» ፈገግ አለች። «እሷ ስትቆም እኔ ወንድሜን እሰማዋለሁ።»

ጉሮሮ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። አመመው። ሠላሳ አንድ ዓመት በድምፁ ሲኮራ የኖረ ሰው ነው፤ ባያመው ይገርም ነበር።

«ልቦለዱን ግን ከአንተ ነው የምሰማው» አለች ክንዱን ፈልጋ እየያዘች። «እነዚያ ሰዎች የእኔ አይደሉም፤ እንደፈለግክ አድርጋቸው።»

ተነሥቶ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አመጣላት፣ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባላት፣ እስከ ደጃፉም ሸኛት። ደረጃውን ስትወርድ እያያት፣ ያች ወለል የምትወለውለው ልጅ ደብዳቤ ስታነብ አንድ ቀን ቢሰማት ብሎ ተመኘ።